ለእህት የማይጻፍ «እርስዎ»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ስትመታ የኖረች ሴት ነች። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ፤ እሷ ግን «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» እንዳለች ጡረታ ወጣች። ሠፈርተኛው እስከ ዛሬ «ታይፒስቷ» ነው የሚላት። አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ዝንፍ ካለች እህል አይበላላትም።

ስለዚህ ሴት ልጇ የሠርጓ ቀን ተቆርጦ፣ «ካርዱን ማተሚያ ቤት አንወስድም፤ እዚሁ እንሠራዋለን። ጽሑፉ ያንቺ ነው» ስትላት፣ ነገሩ የሚከብድ አልመሰላትም።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ወፍራሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያሰምራል፣ በትልቁ መቀሱ ይቆርጣል። ልጅቷ ጠርዙ ላይ ቅጠል ትስላለች። ታይፒስቷ ጽፋ ጨረሰችና ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበችላቸው፦

«ጉዳዩ፦ የጋብቻ ጥሪን ይመለከታል። ልጃችን ጋብቻ ለመፈጸም የወሰነች ስለሆነ፣ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት እንዲገኙልን እያሳሰብን፣ ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

ባሏ መቀሱን አስቀመጠ። «የኔ እመቤት፣ ልጅቱ እያገባች ነው ወይስ እየተዛወረች?»

ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። እናቷ ለአፍታ ኮስተር ብላ ቆየችና እሷንም ሳቁ አሸነፋት። ግን ነገሩ ከነከናት። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ቃል ስታሳምር ኖራ፣ የራሷን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማውጣት አቃታት ማለት ነው። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ቀደደች። በሦስተኛው ቀን ግን ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ድንገት መጣላትና እጇን ሳትታጠብ ጻፈችው፦ «ልጃችን ልታገባ ነው። ደስታችን ያለ እርስዎ ሙሉ አይሆንም። መጥተው አብረውን ይዋሉ።»

«በቃ! ከእንግዲህ እንዳትነኪው» አለቻት ልጇ።

ስድሳ ካርድ ሊገለብጡ ተቀመጡ። ታይፒስቷ የመጀመሪያውን ጻፈችና የማን ስም እንደሚሰፍርበት ስታስብ እጇ ቆመ። ታላቅ እህቷ ትዝ አለቻት።

ከተኳረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው የታመሙ ጊዜ እህትየው ሩቅ ከተማ ነበረች። ታይፒስቷ «ይሻላቸዋል፣ ለምን አስደነግጣታለሁ» እያለች ዛሬ ነገ ስትል እናትየው አረፉ። እህትየው የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። «እናቴን ሳልሰናበት አስቀረሽኝ» ብላ እንደወጣች አልተመለሰችም።

ካርዱን ደግማ አነበበችው። «እርስዎ» ይላል። በአንድ አልጋ ተኝታ ብርድ ልብስ ስትጓተታት ላደገች እህቷ «እርስዎ»? ካርዱን ገፋ አድርጋ ባዶ ወረቀት ሳበች።

«እህትዓለም፣ ልጃችን ልታገባ ነው። ለማንም ገና አልነገርኩም፤ መጀመሪያ ላንቺ ነው። ያኔ ሳልነግርሽ መቅረቴ ጥፋቴ ነው። ነይልኝ።»

ባሏ በትከሻዋ በኩል አነበበው። ወረቀቱን ልክ እንደ ካርዶቹ አስተካክሎ ቆረጠላትና ራሱ ፖስታ ቤት ወሰደው።

ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በር ተንኳኳ። እህትየው ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ ጠጉሯ ሸብቶ ቆማለች።

«ሠርጉ እኮ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል» አለች ታይፒስቷ ሻንጣውን እየተቀበለቻት።

«ታዲያ በጊዜ ተነግሮኝ ላርፍድ?»

ተቃቅፈው አለቀሱ። የዚያን ዕለት ስለ እናታቸው ያነሳ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ ነው እህትየው አንሶላውን እያራገፈች፣ «ለመሆኑ ያኔ ለምን ዝም አልሽኝ?» ያለቻት።

«ፈራሁ። ከነገርኩሽ እውነት የሚሆን መሰለኝ።»

እህትየው አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጋችው። «ይቅር ለማለት ገና ይቀረኛል» አለች በመጨረሻ፣ «መሄድ ግን አልሄድም።»

አልሄደችምም። ሠርጉ አልፎ፣ ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው ገብተው፣ እሷ ገና የልጅቷን ክፍል እንደያዘች ነበረች።