ውሃ ልክ የሚሏት ነርስ

በፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ነርሶቹ «ውሃ ልክ» ነው የሚሏት። ወንድሟ ግንበኛ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን፣ መሀሉ ላይ አረፋ የሚንሳፈፍበትን ውሃ ልክ አንድ ቀን ለምና ተቀበለችውና ይዛው ሆስፒታል ሄደች።

«አንቺ ደግሞ በበሽተኛ ላይ ፎቅ ልታቆሚ ነው?» ብሎ ወንድሟ ሳቀባት።

እሷ ግን የፈለገችው ለልብ ነበር። በጠና የታመመ ሰው አንገቱ ላይ ባለው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ቱቦው አልጋው አጠገብ ባለ ምሰሶ ላይ ከታሰረች ትንሽ መለኪያ ጋር ይያያዛል፤ መለኪያዋም ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ምን ያህል ግፊት እንዳለው ለሞኒተሩ ትነግራለች። መለኪያዋ ታዲያ ከልቡ ጋር እኩል መሆን አለባት። ከልቡ ዝቅ ካለች ቁጥሩ ያላግባብ ይወጣል፤ ከፍ ካለች ደግሞ ይወርዳል። እንግዲህ የኖረው ልማድ፣ ልኬት በተወሰደ ቁጥር አልጋውን መዘርጋትና ሰውየውን በጀርባው ማስተኛት ነው። አልጋው ከተዘረጋ ልቡ ከመለኪያዋ እኩል ይሆናል፤ ስህተት የለም።

ለልቡ ደህና። ሳንባውስ? ሳንባው ውሃ የቋጠረ ሰው ተዘርግቶ ሲተኛ፣ ወንዝ ውስጥ እንደገባ ሰው ይታፈናል። በወጣትነቷ ስንቱን «ትንሽ ብቻ ይቻሉት አባቴ፣ አሁን አነሳዎታለሁ» እያለች አስተኝታለች። ሰውየው ዓይኑን አፍጥጦ እጇን ሲይዛት፣ እሷ ዓይኗን ወደ ሞኒተሩ ታዞራለች። ምርምር ውስጥ የገባችው ከዚህ የተነሳ ነው። ሰው ቀና እንዳለ ልቡን መለካት አይቻልም ወይ? ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

ዓመታት ፈጀባት። አንዱን በሽተኛ ተዘርግቶ ትለካዋለች፤ ከዚያ ትንሽ ቀና አድርጋ፤ ከዚያ ደህና አድርጋ ቀና አድርጋ፤ ከዚያ በጎኑ አስተኝታ። በየጊዜው መለኪያዋን በውሃ ልኩ ከልቡ እኩል ታደርጋለች። በጀርባው ሆኖ ቀና ሲል ቁጥሩ ያው ነው። በጎኑ ሲሆን ግን ቁጥሩ አልገዛም አላት። የጎኑም እንዲሆንላት ትመኝ ነበር፤ አልሆነም። የሆነውን ብቻ ጻፈች።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ጥናቱን አነበቡት። «ሲስተር፣ በጽሑፉ አልጣላሽም» አሏት። «ነገ ጠዋት ሹፌሩ አልጋ አጠገብ አሳዪኝ። ከሆነ የክፍሉ አሠራር ይቀየራል። ካልሆነ እንደ ድሯችን እናስተኛለን።»

ሹፌሩ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ልባቸው ደክሟል፣ ሳንባቸውም ውሃ ይዟል። በማግስቱ ሁሉም ከቧቸው ሲቆም፣ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የኖርኩት» አሏት፤ «ተኛ ስትሉኝ ሞተሩ ይጠፋል።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው አባባ» አለች። አልጋውን ዘረጋች። ሹፌሩ አፋቸውን ከፍተው አየር ፈለጉ። ቁጥሩን አነበበችና ቶሎ አልጋውን ቀና አደረገች።

ቁጥሩ ወጣ። ሄዶ ሄዶ ላይ ቆመ።

«ኧረ ውሃ ልክ፣ ግድግዳሽ ዘመመ!» አለች አንዷ ነርስ።

ዶክተሩ አልሳቁም። «ይህን ቁጥር ባምን፣ ፈሳሽ በዝቶባቸዋል ብዬ የሚያሸና መድኃኒት ባስጨምርስ? ሰውነታቸው ደርቆ ኩላሊታቸው ይጎዳ ነበር።»

ውሃ ልክ ሞኒተሩን አየች፣ ቱቦውን አየች፣ ከዚያ ምሰሶውን አየች። መለኪያዋ ምሰሶው ላይ እንደታሰረች ናት። ሰውየው ከነልባቸው ቀና ሲሉ፣ መለኪያዋ እታች ቀርታለች። ለሰው ሁሉ «አትርሱ» ስትል የኖረችውን ራሷ ረሳችው።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «መለኪያዋን አላነሳኋትም።»

አነሳቻት፤ ከልባቸው ጋር አስተካከለቻት፤ ቁጥሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ነርሶቹ እፎይ አሉ። ዶክተሩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁጥሩን አምኛለሁ ሲስተር። የማላምነው እጃችንን ነው። አንቺ ከረሳሽ፣ በጥድፊያ ሰዓት ማን ያስታውሳል? ሲተኙ ግን የሚረሳ ነገር የለም።»

እውነታቸውን ነው።

«እና ልታስተኙኝ ነው?» አሉ ሹፌሩ። አንዷ ነርስ እጇን ወደ አልጋው ማውረጃ ሰደደች።

«ቆዪ» አለች ውሃ ልክ። ምሰሶውን አሁንም እያየች ነበር። ለምንድን ነው መለኪያዋ እዚያ ላይ የምትታሰረው? ድሮም እዚያ ስለታሰረች ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ምሰሶ ደግሞ ከሰው ጋር አይነሳም፣ አይተኛም። መለኪያዋን ፈታች። ፕላስተር ቀደደችና የሹፌሩ ደረት ጎን ላይ፣ ከብብታቸው ዝቅ ብሎ፣ ከልባቸው ትይዩ ለጠፈቻት።

«አሁን እሳቸው ሲነሱ ትነሳለች።»

ዶክተሩ ማውረጃውን ራሳቸው ያዙት። ትንሽ ዝቅ አደረጉ፤ ቀና አደረጉ፤ እንደገና ዝቅ፣ እንደገና ቀና። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«የመብራት ቆጣሪ ገጠማችሁብኝ እኮ!» አሉ ሹፌሩ።

ዶክተሩ ይሄኔ ሳቁ። «በዚህ ክፍል እንጀምር» አሉ። «ፕላስተሩ ከለቀቀ ግን አንቺን ነው የምይዘው።»

«ይያዙኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ የልኬት ሰዓት ደረሰ። «ግድግዳሽ ዘመመ» ያለቻት ነርስ በልማድ መጥታ ማውረጃውን ጨበጠች። ሹፌሩ ቀና እንዳሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ነርሷ እጇን መለሰች፤ ፕላስተሩን ዳሰስ፣ ሞኒተሩን አየት አድርጋ፣ ሳትቀሰቅሳቸው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።