ቫዮሊኑ ወደ መስኮት፣ ቃሉ ወደ ጆሮ

ቢ ሻምሳ ያንን ዘፈን የሚሰሙት ሁልጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ነበር። ግጥሙ ክፉ ነው። ከባሏ ቤት የተመለሰችን ሴት ጠርቶ «ሻንጣሽን ማን ተሸከመልሽ?» እያለ ያላግጣል። የሠርግ ቤት ሴቶች እየሳቁ ይጨፍሩበታል። እሳቸው ግን ለግጥሙ ደንታ የላቸውም። ዘፋኟ አፏን ከመክፈቷ በፊት ቫዮሊን ለብቻው ይጫወታል፤ የሚጫወተውም ሟቹ ባለቤታቸው አትማኒ ነው። አትማኒ ቀን ሞምባሳ ወደብ ላይ እየሠራ ማታ ከሙዚቃ ክበብ ጋር ይጫወት ነበር። ካስቀዳው ሁሉ ለብቻው የሚሰማው በዚህ በአንዱ ዘፈን ላይ ነው።

ግጥሙን ከሰፈር ጆሮ መደበቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ሰፈር ዘፈን መልእክት ነው። ሴት ከሴት ስትጣላ ከመሰዳደብ ይልቅ ለነገሯ የሚሆን ዘፈን ትመርጥና ወደ ጎረቤቷ መስኮት ትለቅባታለች። የተነካችውም ሌላ ዘፈን ፈልጋ ትመልሳለች። እኛ መሐል ቆመን እንስቃለን።

እኔ ከቢ ሻምሳ ሥር ባለው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ «ቢ» እኛ ዘንድ ለትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ልጃቸው ባድሪ መርከበኛ ነው። ባለፈው ሲመጣ ኮምፒውተር ገዛላቸውና ሦስት የድምፅ መውጫ አዘጋጀላቸው። አንዱ ለብቻቸው የሚሰሙበት ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ሁለተኛው እሱ ሲደውል የሚያወሩበት ትንሽ የጠረጴዛ ስፒከር፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአባቱ የቀረው፣ ወደ መንገዱ የዞረው ትልቁ የመስኮት ስፒከር። በየጊዜው ዝርዝር ከፍቶ መምረጥ ስላስቸገራቸው ሁለት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ድምፁ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ አደረገላቸው፤ ከጆሮ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት መልሶ ወደ ጆሮ። የመስኮቱን የሚጠቀሙበት ለመውሊድ ብቻ ነው፤ ያኔ መንገዱ ሙሉ ነሺዳ ይሰማል።

ፊት ለፊት የሚኖሩት የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ቢ ታቱ ናቸው። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ ከመስኮት ወደ መስኮት ለማውራት መጮህ አያስፈልግም።

«ሻምሳ! ነቃሽ ወይስ ሞት ወሰደሽ?» ይላሉ ቢ ታቱ በየጠዋቱ።

«አለሁ። አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!»

«እንግዲያው ማሃምሪውን ቶሎ አቀብይኝ። በባዶ ሆዴ እንዳትቀብሪኝ።»

ቢ ሻምሳም በትኩሱ የጠበሱትን ጣፋጭ ዳቦ በሰሃን ያቀብላሉ። ባድሪ የሚደውለው መርከቡ ወደብ ሲገባ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ቀን የሚሰሙት የሰው ድምፅ ይኸው የጠዋቱ ነበር።

የቢ ታቱ ልጅ ሙኒራ ማሊንዲ ከተማ አግብታ ነበር፤ ፈትታ ተመለሰች። ከዚያ ሌላ ሰው ለትዳር ፈለጋትና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱና አክስቶቹ ሊያዩአት መጡ። ቢ ሻምሳ የሩዙን ቢሪያኒ አብረው ሲያበስሉ ውለው እንግዶቹ ሲገቡ ቦታ ልልቀቅ ብለው ወደ ቤታቸው ወጡ። ደክሟቸው ስለነበር ማዳመጫውን አደረጉና አትማኒን ከፈቱት። የአስር ሶላት ሲደርስ ዘፈኑን ያቆሙት መሰላቸው፤ ማዳመጫውን አውልቀው ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ኋላ ገቡ። ዘፈኑ አልቆመም። የማዳመጫው ባትሪ አለቀ። ኮምፒውተሩም ማዳመጫውን ሲያጣው ተራ ሳይጠብቅ ድምፁን በራሱ ወደ መስኮቱ አሳለፈው። የመስኮቱ ስፒከር ደግሞ በመውሊድ እንደተተወ እስከ ጫፍ ተከፍቶ ነበር።

«ሻንጣሽን ማን ተሸከመልሽ?» መንገዱ ተናወጠ።

መቀሴን ጥዬ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ብደበድብም በውኃው ድምፅ አልሰሙኝም። እጃቸው እየተንጠባጠበ ሲከፍቱልኝ ዘፈኑ አልቆ ነበር። ከወዲያ ማዶ የእንግዶቹ ሳቅ ተሰማ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ቀጥሎ የቢ ታቱ መስኮት ተዘጋ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ቢ ሻምሳ ተሻግረው አንኳኩ። በሩ አልተከፈተም፤ ቢ ታቱ የመለሱት ከውስጥ ሆነው ነው።

«ታቱ፣ በአላህ እምልልሻለሁ፣ ማሽኑ ነው። ማዳመጫው ጠፍቶ ድምፁ ራሱ ዞረ።»

«ራሱ ዞረ! ከመስኮት ሁሉ የእኔን፣ ከዘፈን ሁሉ ያንን፣ ከቀንም ሁሉ ዛሬን መርጦ! ብልህ ማሽን አለሽ ሻምሳ። ልጅሽ ደህና አድርጎ አስተምሮታል።»

ሰፈሩ የቢ ታቱን የመልስ ዘፈን ጠበቀ። ቢ ሻምሳም ጠበቁ። ቢሰደቡ ደስ ባላቸው ነበር፤ ሰው መልስ የሚልከው አብሮት ሊኖር ላሰበው ነውና። ዘፈን ግን አልመጣም፤ መስኮቱም እንደተዘጋ ቀረ።

ቢ ሻምሳ ማሃምሪውን በለመደ እጃቸው ለሁለት ሰው ይጠብሱታል፤ ትርፉን ለእኔ ያወርዱልኛል። ከመስኮቱ ፊት ቆመው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ነቅቻለሁ» ሲሉ ከታች እሰማለሁ። ምን እንደምላቸው ስለማላውቅ የስፌት መኪናዬን አስነሳለሁ።

ባድሪ ሲደውል ሁሉን ነገሩት።

«እማ፣ ታዲያ ዘፈኑን አጥፊውና ተገላገዪ» አላቸው።

«አባትህን አጥፊው ነው የምትለኝ?»

 የመርከቡ ሞተር ብቻ ተሰማ።

አንድ ቀን ቀሚስ ሊያስጠብቡ ወርደው፣ «ታቱ ቫዮሊኑን ብቻ ብትሰማ ኖሮ ይገባት ነበር» አሉኝ።

«ከቫዮሊኑ ቀጥሎ እኮ ቃሉ አለ፣ ቢ ሻምሳ።»

«ቃሉ ሳይጀምር ወደ ጆሮዬ ባዞረውስ?»

ከዚያ ወዲያ ልምምድ ሆነ። ለጊዜው የመስኮቱን ስፒከር ነቀሉትና በትንሹ የጠረጴዛ ስፒከር ይለማመዱ ጀመር። ቫዮሊኑ ሊያልቅ ሲል ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ትሰማለች። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሁለቱን ቁልፎች መጫን አለባቸው። አንዳንዴ ይቸኩሉና የአትማኒን የመጨረሻ ዜማ ይቆርጡታል። አንዳንዴ ይዘገዩና «ሻን...» የምትለው ታመልጣለች።

«ይቺ ‹ሻን› ብቻ እኔን ለመቅበር ትበቃለች» ይላሉ፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ።

በመስኮቱ ሊያሰሙት የቆረጡ ዕለት አስርን ሰግደን አጠገባቸው ቆምኩ። ማዳመጫው ሙሉ ባትሪ ይዞ አንገታቸው ላይ ነው። የመስኮቱ ስፒከር ተመልሶ ተሰክቷል። ጣቶቻቸው ቁልፎቹ ላይ ናቸው።

«ብዘገይስ?»

«አላህ ያግዝዎታል። እርስዎ ብቻ ትንፋሿን ይስሙ።»

ከፈቱት። ቫዮሊኑ ወደ መንገዱ ወጣ። አሳ ሻጩ መጥራቱን አቆመ። ከታች አንድ ሽማግሌ «አትማኒ...» ሲል ሰማሁ። ዜማው ወጣ፣ ወረደ፣ ቀጠነ። ዘፋኟ ትንፋሽ ሳበች። ቢ ሻምሳ ተጫኑ። መንገዱ ጸጥ አለ። የቀረው፣ ያ ክፉ ቃል፣ አንገታቸው ላይ ባለው ማዳመጫ ውስጥ እንደ ትንኝ ሲጮህ እኛ ሁለታችን ብቻ ሰማነው።

የቢ ታቱ መስኮት አልተከፈተም። በማግስቱም አደረጉት፤ አልተከፈተም። የሰፈሩ ሴቶች «ቢ ሻምሳ ዘፈን መጨረስ አቃታቸው» እያሉ ይቀልዱ ጀመር። እሳቸው ግን በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ ይቀመጡና ይከፍቱታል፤ በትንፋሿም ላይ ያዞሩታል።

ከሰነበተ በኋላ፣ አንድ ቀን እኔም ስፌቴን ይዤ አጠገባቸው ሳለሁ፣ ድምፁን እንዳዞሩት፣ ከተዘጋው መስኮት ጀርባ የቢ ታቱ ድምፅ መጣ።

«አትማኒ ነው?»

ቢ ሻምሳ ማዳመጫውን ከአንገታቸው አወለቁ። «እሱ ነው።»

«ያን ቀንም ስትሰሚ የነበረው እሱን ነው?»

«ሁልጊዜም እሱን ነው።»

ቢ ሻምሳ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። 

«ሴቶቹ አልተመለሱም፣ ሻምሳ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጄ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው።»

«አውቃለሁ፣ ታቱ። እኔም ላይ ብዙ ነገር ነው የተዘጋው።»

 ያበቃ መስሎኝ መቀሴን አንስቼ ወደ ደረጃው ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ የቢ ታቱ ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ ያው እንደ ድሮው ቁጡ ነው።

«ነገ ትንሽ ከፍ አድርጊው። መስኮት ዘግቶ ለሚሰማ ሰው አይደርስም።»

«እሺ» አሉ ቢ ሻምሳ።

መስኮቱ አልተከፈተም። የሙኒራም ነገር ገና ነው፤ አላህ የተሻለውን ያምጣላት። እኔ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ መስኮት «ነገ» የሚል ቃል ከወጣ ስንት ጊዜው ነበር።