ባጅ ለባጅ የተቀባበለው

በሰው አገር፣ ሀራሙስ ሰፈር ተቀጥሬ በነበርኩበት ግቢ የማዳምን ቀሚስ ስተኩስ ዘበኛው በመስኮት ብቅ አለና፣ «አባዮ፣ እህቴ፣ ጓደኛሽን ጋቦዴ ወህኒ ቤት ወሰዷት» አለኝ። የማዳም የወርቅ አምባር ጠፍቶ ነበር። ሌባዋ ጓደኛዬ ናት ብሎ የጠቆመው የግቢው ኃላፊ፣ ያገራችን ሰው ነው።

ማስረጃው ባጇ ነበር። ለሁላችንም ባጅ ተሰጥቶናል፤ ያለ ሽቦ እርስ በርሱ ያወራል። ከበሩ የራቀው ለቅርቡ ይነግራል፣ ያም ለሚቀጥለው፣ እንዲህ እየተቀባበለ ወሬው በሩ ላይ ካለው ማሽን ይደርሳል። እኔና እሷ ግን ማዕተብ ባሰርንበት አንገት ሌላ ነገር አናንጠለጥልም። የሷን ከማዳም መኝታ ቤት መስኮት ሥር፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ትሰቅለው ነበር። ኃላፊው «ማሽኑ አምባሩ የጠፋ ቀን መኝታ ቤት ነበረች ይላል» አለ፤ በቃ፣ ታመነ።

በሳምንቱ ባጁን የገጠመው ባለሙያ መጣ። ድሬዳዋ ያደገ ነው፣ አማርኛው እንደኛው ነው። ማሽኑን አየና እኛ ወዳለንበት ወጥ ቤቱ በር መጥቶ ሳቀ።

«የልጅቷ ባጅ መኝታ ቤት አልገባም። መኝታ ቤት የነበረው የሷን ወሬ ተቀብሎ ያሳለፈው ባጅ ነው፤ ማሽኑ የጻፈው ያቀባዩን ቦታ ነው።»

«የማን ነው እሱ?» አሉ ወጥ ሠሪዋ እትዬ።

«የኃላፊያችሁ።»

ዘበኛው ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ፣ «ወላሂ፣ የገዛ ባጁ አሳበቀበት» አለ።

ለማዳም ስነግራት ኃላፊው ቀድሞኝ ኖሯል፤ «ጓደኛዋ አይደለች፣ ምን ትበል?» ብሏታል። መስክሩልኝ ብላቸው እትዬ «ልጆች አሉኝ» አሉ። ዘበኛው ወደ በሩ ሄደ። ባለሙያውንም ማንም አልጠየቀውም። ጓደኛዬ ከወህኒ ወጥታ አገሯ ተላከች፤ ሌባ የሚለው ስም ቀድሟት ገብቶ ዛሬም ቤቱን አምኖ የሚሰጣት የለም።

ኃላፊው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ ይቆማል። «እንደምን ሰነበትሽ፣ እህቴ?» ይለኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። አባታችን ሆይ ስደግም የበደሉንን ይቅር እንደምንል ከሚለው ስደርስ አፌን እዘጋለሁ። የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ተዪለት» ቢሉኝ፣ «ትቼለታለሁ አባቴ፣ እንዲፈጥን ብቻ ነው የምለምነው» አልኳቸው። እሱ የተዋረደ ለት ለገብርኤል ጃንጥላ ላገባ ተስያለሁ።

ያን ቀን ወጥ ቤቱ በር ላይ የነበራችሁ፣ እትዬ፣ አንተም ዘበኛው፣ አንተም ባለሙያው፣ የሰማችሁትን ማዳም ፊት ቆማችሁ ተናገሩልኝ። እሱም እዚያው ይኑር። ስትናገሩ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።