እሳት ወርዋሪዋ ሙሽራ

እህቴ ጀምራ የጨረሰችው ነገር የለም ብል ስም ማጥፋት አይሆንብኝም፤ ራሷ ናት የምትናገረው። «እኔ የጅምር ንግሥት ነኝ» ትልና ትስቃለች። አሥረኛ ክፍል እያለች አባታችን አረፈ፤ እናታችን ወገቧን ታመመች፤ እህቴ ደብተሯን አስቀምጣ ቤቱን ያዘች። ቆይታ ስፌት ልትማር ተመዘገበች፤ እሱም የእኔ ፈተና ሲደርስ «ማሙሽን ማን ያብላው?» ተብሎ ቀረ። መንጃ ፈቃድም ጀምራ ነበር። ማሙሽ እኔ ነኝ። ጢም ካወጣሁ ስንት ዘመኔ፣ እሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው የምትለኝ፤ ሰው ፊት እንኳን አትተወኝም።

ሶዶ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ ሳሎናችን ጥግ ላይ ተከልኩት። ፊልም ከሚጭን ሱቅ ደግሞ አንድ ጌም በፍላሽ አስገልብጬ መጣሁ። ጭራቅ እየገደልክ፣ እየጠነከርክ፣ ከአገር አገር እየሄድክ በመጨረሻ ከሰይጣን ጋር የምትጋጠምበት ዓይነት ነው። ከሦስት ሰዎች አንዱን ምረጥ ይልሃል፤ መጥረቢያ የያዘ ወጠምሻ፣ ቀስተኛ፣ እና ከእጇ እሳትና በረዶ የምትወረውር ሴት። እኔ ወጠምሻውን ልመርጥ ስል እህቴ ከኋላዬ መጥታ «ተነስ አንተ» አለችኝና ሴትየዋን መረጠች።

«እሷ እኮ ደካማ ናት እትዬ። ልብሷ ስስ ነው፤ አንድ ዱላ ከቀመሰች አለቀላት።»

«ይሁና። ያንተ ሰውዬ ተጠግቶ ነው የሚደባደበው። እኔ ተጠግቶ መጣላት አልወድም፤ ከሩቅ ይሻለኛል።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ጌሙን ያመጣሁት እኔ፣ ወንበሩን የወረሰችው እሷ። እጇ ደግሞ እንዴት ያለ እጅ መሰላችሁ! ድስቱ እስኪፈላ ቁጭ ትልና እኔ ሳምንት የታገልኩትን ቦታ ሳቅ እያለች ታልፈዋለች። ደሜ ይፈላ ነበር፤ ግን ደግሞ እሷ ስትጫወት ማየት እወድ ነበር፤ አሁንም የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

እናታችን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት፤ ቀልድ አታውቅም። አንድ ቀን መነጽሯን አድርጋ መጣችና ስክሪኑን አየች። «ይቺ ሴትዮ እጇ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እሳት ነው እማዬ።»

«ክብሪት ሳትጭር? እንግዲህ ጠንቋይ ናት በሉኛ! በጌታ ስም፣ በእኔ ቤት?» ከዚያ በኋላ ያለው ወላይትኛ ነበር፤ እናቴ በእውነት ስትናደድ አማርኛ አይበቃትም። እህቴ ረጋ ብላ «እማዬ፣ መጨረሻ ላይ የምትገድለው እኮ ሰይጣንን ነው» አለቻት። እናቴ ቆም አለች፤ ትንሽ አሰበች። «እንዲያ ከሆነ ምን አስቆያችሁ? ቶሎ ጨርሱታ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ቶሎ መጨረሱ ነበር ያቃተን። በፈረቃ ነው መብራት የሚመጣው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ድርግም ሲል እስከዚያ ያስቀመጥነው ጨዋታ ይበላሻል፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ ይለናል። መብራት ሲኖር ደግሞ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ የምትነሳው እህቴ ናት። ስንት ጊዜ ሰይጣኑ ደጃፍ ደርሳ ተመልሳለች! እንዲህ ስንል ሽማግሌ ተላከ፤ ነገሩ አለቀ፤ ሠርጉ ተቆረጠ። ሰውየው ቢጠና ከተማ የሚያስተምር ጥሩ ልጅ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። እህቴ ደስ ብሏታል። ግን ሽማግሌዎቹ በወጡበት ቀን ኮምፒውተሩን እያየች «ማሙሽ፣ ይሄን ሳልጨርስ ከዚህ ቤት አልወጣም። አንድ ነገር እንኳን ጨርሼ ልሂድ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

እኔም ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ነገርኳት። ስፒድ ራን ይሉታል፤ አንድን ጌም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከወንበር ሳይነሱ፣ በተቻለ ፍጥነት መጨረስ ማለት ነው። የአንዷን ልጅ ቪዲዮ አሳየኋት፤ የእኛኑ እሳት ወርዋሪ ይዛ ጭራቆቹን ሳትነካ በመሃላቸው ብልጭ እያለች ታልፋለች። አንድ ፈረቃ መብራት ይበቃል ማለት ነው። እህቴ አገጯን ይዛ እስከ መጨረሻው አየችና «እኔ ከዚህች ልጅ በምን አንሼ!» አለች።

እቅዱን ያወጣነው ሰፌድ ላይ ነው። ሙሽራ ስለሆነች ከባድ ሥራ አይሰጧትም፤ ቁጭ ብላ ቦሎቄ ትለቅማለች። እኔ ከሥራ ስገባ አጠገቧ እቀመጥና መንገዱን በቦሎቄ እንዘረጋዋለን። ቀዩ ቦሎቄ በየምዕራፉ መጨረሻ የሚጠብቀው ዋናው ጭራቅ፣ ነጩ ትናንሾቹ፣ የበቆሎ ፍሬዋ የእኛ ሴትዮ። «እዚህ ጋ በግራ፣ ነጮቹን ትዘልያቸዋለሽ፣ ቀዩን ብቻ ትገድያለሽ።» «ሰማያዊው ጠርሙስ ሲያልቅብኝስ?» ሰማያዊው ጠርሙስ የአስማት ኃይሏን የሚመልስላት ነው፤ እሱ ከሌለ ባዶ እጇን ናት። ስንጨቃጨቅ ስንጨቃጨቅ እናታችን ትመጣና ምዕራፍ ሦስትን አንስታ ድስት ውስጥ ትጨምርብናለች።

ትልቁ ጭቅጭቅ ነጥቡ ነበር። ሴትየዋ በጠነከረች ቁጥር ነጥብ ታገኛለች፤ ነጥቡን እሳት ላይ ብታውለው መንገዱ ይቀላል። ግን የመጨረሻው ሰይጣን ራሱ እሳት ነው፤ እሳት ምኑም አይደለም፤ በረዶ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ አብዛኛውን ሳይነኩ እስከ መጨረሻ ማቆየት ያስፈልጋል። እኔ አይቻልም ብዬ ነበር። እህቴ ግን ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ቅቤ ከዓመት ዓመት ስታጠራቅም ያደገች ሴት ናት፤ አስቀምጪ ለተባለ ነገር እጇ አይሄድም።

ያልቻለችው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ መሬት ላይ የወደቀ ወርቅ አይታ ማለፍ። «እንዴ! ተጥሎ እያየሁት?» ትልና ተመልሳ ትለቅማለች። እሱንስ በስንት ልመና ተወችው። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ወንዶች ልጆቹን ጭራቅ እንደበላበት ረጅም ታሪክ ያወራል። አንድ ቁልፍ ብትጫን ዝም ይላል። እህቴ አትጫንም! እንግሊዝኛውን በደንብ ሳትከታተል ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም።»

«ሽማግሌ እያወራ አቋርጬው ልሂድ? ያውም ልጆቹ የሞቱበት?»

«ሰዓቱ ይሄዳል!»

«ይሂድ። አንተ ደግሞ ነገር አታብዛ።»

በዓለም ላይ ስፒድ ራን የሚሞክር ሰው ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ቁልፉን ይጫናል። የወላይታ ሴት ብቻ ናት የማትጫነው። ወገቤን ይዤ ተከራከርኩ፤ ለእናቴ ከሰስኳት። እናቴ «ልክ ናት፤ ሰውዬው ይጨርስ» ብላ ፈረደችብኝ። እንግዲህ ምን ይባላል? የሽማግሌውን ወሬ እቅዱ ውስጥ አስገባንና ከሌላ ቦታ ቀነስን።

ቀኑን የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት አደረግነው፤ ፈረቃው የእኛ ነበር። ሂና የሚቀባው ከሰዓት ነው ተብሏል፤ ከሻንቶ ከተማ የሚመጡት አክስቶቼም ከሰዓት ነው የሚደርሱት። ሁሉን አስበናል ብዬ ተዝናንቼ ስነሳ አክስቶቼ በጠዋቱ የበርበሬ ዳጣቸውንና የሚቀቀለውን ቦዬአቸውን ተሸክመው ከተፍ! ሚኒባስ ቶሎ ሞላላቸው። ሂና የምትቀባዋን ልጅም በመንገዳቸው ይዘዋት መጥተዋል። እኔ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ዞር ስል የእህቴ ሁለት እጆች ተቀብተው፣ ተጠቅልለው፣ ፌስታል ገብተዋል።

እህቴ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ አየችኝ። አክስቶቼ ዙሪያዋን ይስቃሉ፣ ይዘፍናሉ። እሷ ግን ልታለቅስ ነው፤ አውቃታለሁ። «ቀረ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄም ቀረ።»

«አልቀረም! እኔ እጅሽ እሆናለሁ። አንቺ ተናገሪ» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ እኔ እኮ እቅድ ላይ ነኝ ጎበዝ፣ ማውስ ላይ አይደለሁም።

ተቀመጥኩ። እሷ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ሆና «ግራ! ዝለል! ተወው ወርቁን! ጠርሙስ!» ትለኛለች። አክስቶቼ በመጀመሪያ ሙሽራዋን ምን ነካት አሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። ሽማግሌው ጋ ስንደርስ ሁሉም ዝም ብለው አዳመጡት፤ ታናሽየዋ አክስቴ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሰዓቴን አያለሁ። ሌላው ሁሉ ግን በሰፌዱ መሠረት ሄደ። ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ቀዩን ቦሎቄ እየጣልን፣ ሰይጣኑ ፊት ደረስን። የተጠራቀመውን ነጥብ በሙሉ በረዶው ላይ አፈሰስነው። ፈረቃው ሊያልቅ ነው፤ የጎረቤት ሬዲዮ በጠፋ ቁጥር እኛም ጋ የሄደ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

«ሽሽና ጠጣ! ሽሽና ጠጣ!»

እኔ ግን እጄ ተሳሰረ። ሰይጣኑ ሊሞት ትንሽ ቀርቶታል፤ የእኛም ሴትዮ ትንሽ ቀርቷታል። ጠርሙሱን ልጫን ስል ሌላ ተጫንኩ። ከኋላዬ ፌስታል ሲቀደድ ሰማሁ። አክስቶቼ «ኧረ በጌታ!» ብለው ጮኹ። እህቴ በክንዷ ገፍታ ጣለችኝ፤ ገና ባልደረቀ ሂና ማውሱን ያዘችው። ሸሸች፣ ጠጣች፣ ዞረች፣ በረዶውን ለቀቀችው። አንዴ። እንደገና። ሰይጣኑ ተንበረከከና ፈረሰ።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እናቴ ከጓዳ «ሞተ?» እያለች ማማሰያ ይዛ መጣች። ትልቋ አክስቴ ብቻ ራሷን ይዛ የተጨማለቀውን እጅ እያየች ታለቅሳለች ማለት ይቻላል። እህቴ ማንንም አልሰማችም። የሠሪዎቹ ስም ሲያልፍ እስከ መጨረሻው እያነበበች ቁጭ አለች፤ አንድም አላለፈችም። ጌሙም ስሟንና የጨረሰችበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ አሰፈረ። ከዚያ «ጨረስኩት» አለች። ለእኔ አይደለም፤ ለማንም አይደለም።

በሠርጉ ፎቶ ላይ ቀኝ እጇ ያመለጠ ወጥ የነካው ይመስላል። ሙሽራው ምን ሆነሽ ነው ሲላት «ሰይጣን ገድዬ» አለችው አሉ።

ቢጠና ከገባች በኋላ በደወለች ቁጥር፣ የእናታችንን ጤና ጠይቃ፣ የጎረቤቱን ጠይቃ፣ መጨረሻ ላይ «ሰዓታችንን የበለጠ አለ?» ትለኛለች። «ማንም የለም» እላታለሁ። ሶዶ ውስጥ ሌላ የሚጫወተው ሰው መኖሩንም እንጃ። ደስ ብሏት ስልኩን ትዘጋለች።

ዘንድሮ ክረምት፣ እናቴ ጸሎት ሄዳ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ፣ ብቻዬን ጌሙን ከፈትኩት። ዝም ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ግን መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እጄም በእነዚህ ዓመታት ለካ ተፍታቷል። ሽማግሌው ማውራት ሲጀምር ቁልፉን ተጫንኩና አለፍኩት። ሰይጣኑን ገደልኩት። ሰዓቱን ሳይ የእሷን በብዙ በልጬዋለሁ፤ መዝገቡ ላይ ስሜ ከስሟ በላይ ተጽፏል።

ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ጠርሙስ የሚለኝ የለም፣ የሚጨቀጭቀኝ የለም። ያየሁት ስሟን ነው፤ ከእኔ በታች። ትምህርቱንም፣ ዲግሪውንም፣ ሥራውንም የጨረስኩት እሷ የእሷን ስለተወችልኝ ነው፤ እዚያ ሁሉ ላይ የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው። ይሄን ግን ራሷ ነው የጨረሰችው። ስሜ ላይ ሄጄ አጠፋሁት፤ እርግጠኛ ነህ ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት።

ከዚያ ደወልኩላት። «ማሙሽ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?» አለች።

«ምንም። ብርድ ነው።»

«ሰዓታችንን የበለጠ አለ?»

«የለም እትዬ» አልኳት። «አንደኛ ነሽ።»