ሠላሳ ሁለት ባር ዝምታ

የጆሮ ማዳመጫዬ የሚሠራው የግራው ብቻ ነበር። የቀኙ ከሞተ ሁለት ዓመት ቢሆነውም አላስጨነቀኝም። ቀን ቀን የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ደንበኛ መጥቶ መታወቂያዬን በፊትም በጀርባም አንሣልኝ ሲል መስማት ስላለብኝ፣ ቀኝ ጆሮዬን ለሥራው ትቼ በግራው ሙዚቃ አዳምጣለሁ። የስልኬ ስፒከር ጭቃ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ ስለማይናገር ሌላ መስሚያ አልነበረኝም። ሳክስፎን የተማርኩት በዚህ ዓይነት ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። አንዱን ሐረግ መቶ ጊዜ እሰማለሁ፤ በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እስኪመስል ድረስ እነፋዋለሁ። አንዲት ድምፅ ከጎደለች ሰላም አይሰጠኝም።

ሦስት ነበርን። ኪቦርድ የሚጫወቱት ሽማግሌ በወጣትነታቸው በከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። በግራ እጃቸው ቤዙን፣ በቀኛቸው ዜማውን ይዘው የሁለት ሰው ሥራ ይሠራሉ። ድራም የሚመታው ጓደኛዬ በዲማ ደብር የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ነው። ከበሮ የለመደ እጁ ምት አይስትም። በአንድ ሆቴል አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጃዝ እንጫወት ነበር። ድሮ የምንጀምረው ከመሸ በኋላ ነው፤ ሰዓት እላፊ ከመጣ ወዲህ ግን ዘጠኝ ሰዓት ጀምረን አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንጨርሳለን። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በመስኮት ትገባና የሁሉም ሰው ፊት ይታያል። መጀመሪያ መጀመሪያ በጣም አፍር ነበር። ስሳሳት የሚደብቀኝ ጨለማ የለም።

መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት አንዲት የቤዝ ጊታር ተጫዋች ከአዲስ አበባ ለዘመድ ሠርግ አማኑኤል ከተማ ሄዳ ስትመለስ እኛ ሆቴል አረፈች። የራሷ ባንድ አላት፤ ሥራዋን በግራ ጆሮዬ ስሰማ ኖሬያለሁ። ያን ቅዳሜ ከበሩ አጠገብ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችን። ስንጨርስ ወደ እኔ መጥታ ሳክስፎን ተጫዋቿ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ መሆኑን፣ አዲሱ አልበማቸውም በቅርቡ እንደሚወጣ ነገረችኝ።

«አልበሙን እንዳለ ያዝና ና» አለችኝ። «ከጰራቅሊጦስ በኋላ መድረክ እንጀምራለን። እስከዚያ ቦታህን እይዝልሃለሁ። ግን እንዳለ። የራስህን የምትጨምረው አብረኸን ስትቆም ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ማንም ቦታ እይዝልሃለሁ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በጸጥታው ችግር የአዲስ አበባው መንገድ ተዘጋ። ኢንተርኔትም ጠፋ። ስልክ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። አንድ ጊዜ ተከፍቷል ሲባል ሳክስፎኔን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሉማሜ ስንደርስ ከፊታችን የነበሩት መኪኖች እየዞሩ ነበር። ሹፌሩ ወርዶ ጠየቀ፣ ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ፣ እሱም ዞረ። ስሄድ በቀኜ ያየሁትን ባሕር ዛፍ ሁሉ ስመለስ በግራዬ አየሁት።

እኔ ሳልወጣ አልበሙ ገባ። አንዲት የልብስ ነጋዴ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሯ አቆራርጣ ስትመጣ፣ ቤዝ ተጫዋቿ የላከችልኝን ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችልኝ። ዕለቱ የቅበላ እሑድ ነበር፤ በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ገባ።

እኛ ዘንድ በዐቢይ ጾም ሳክስፎን አይነፋም። ሆቴሉ መድረኩን በሸራ ይሸፍናል፤ የከበሮ ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን እንኳ አይሰማም። እኔ ደግሞ የተከራየሁት ቄስ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጾሙን ሙሉ አልበሙን በግራ ጆሮዬ እየሰማሁ፣ ሳልነፋ በጣቶቼ ብቻ ተለማመድኩ። ቁልፎቹ ሲጫኑ ቀጭን የመታ መታ ድምፅ አላቸው። የቄሱ ባለቤት አንድ ቀን በበሬ ሲያልፉ ቆም ብለው «መቁጠሪያ ይዘሃል ልጄ?» አሉኝ። እንደዚያ ነገር ነው አልኳቸው። እኔንም አስበኝ ብለውኝ አለፉ።

ከአልበሙ ሥራዎች ሦስተኛው ነው ጉድ የሠራኝ። በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ዝግ ያለ ሙዚቃ ነው። ሳክስፎኑ ዜማውን ሁለት ጊዜ ይልና ይጠፋል። ቤዙ፣ ድራሙና ኪቦርዱ ይቀጥላሉ፤ መካከሉ ግን ባዶ ነው። ቆጠርኩት፤ ሠላሳ ሁለት ባር። አንዱ ባር አራት ምት ስለሆነ መቶ ሃያ ስምንት ምት ማለት ነው። ከሩቅ እንደ ድምፅ ጥላ ያለ ነገር አንዳንዴ ይሰማኝ ነበር፤ የስቱዲዮው ማሚቶ ነው ብዬ አለፍኩት። መጀመሪያ ገረመኝ፤ በኋላ የገባኝ መሰለኝ። የዘንድሮ ጃዝ እንዲህ ነው አልኩ፤ መሐሉን ትተው ሰሚውን ያስጠብቁታል። ድፍረታቸውን አደነቅሁ። ወረቀቴ ላይ ሠላሳ ሁለት ባዶ ሳጥን በማስመሪያ አሰመርኩ።

ፋሲካ አልፎ ልምምድ ስንጀምር ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። በእሳቸው ሰፈር መብራት ከጠፋ ስለቆየ፣ በማዳመጫ መስማት ደግሞ ስለማይወዱ አልበሙን አልሰሙትም ነበር፤ የያዙት እኔ የጻፍኩትን ብቻ ነው።

«ሠላሳ ሁለቱንም?» አሉኝ።

«ሠላሳ ሁለቱንም፣ ጋሼ። እንዳለ ያዝ ተብያለሁ።»

ጓደኛዬም በእኔው ማዳመጫ ሰምቶ ልክ ነው አለ። «ታድለሃል ወንድማለም» ብሎ ጨመረልኝ። «እኛ ስንለፋ አንተ ትቆማለህ።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዜማውን ሁለት ጊዜ አልኩና ሳክስፎኑን ደረቴ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። አምስት ስድስት ባር ያህል ሰው ታገሰ። ከዚያ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ፣ አሞት ነው ብለው አንድ ብርጭቆ ውሃ እግሬ ሥር አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ከፊት የተቀመጠው የጭነት መኪና ሹፌር ግን ዝም አላለም። ከጉንደ ወይን ጤፍ ጭኖ ተነሥቶ መንገዱ ደብረ ማርቆስ ላይ ያስቀረው ሰው ነው፤ መኪናው ሆቴሉ ግቢ ቆሞ ጎማው ሥር ሣር በቅሏል። ለጎረቤቱ እንጂ ለእኔ ያለ ሳይመስል «ሳክስፎኑም ነዳጅ አለቀበት» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ እየቆጠርኩ ነበር። በሠላሳ ሦስተኛው ባር ልክ በሰዓቱ ስገባ ሳቁ ቆመ።

በሁለተኛው ቅዳሜ አልሳቁም። በአራተኛው ቅዳሜ ሦስተኛውን ሥራ ቀድሞ ያዘዘን ሹፌሩ ሆነ። ለምን እንደወደደው አልጠየቅሁትም። እኔ የማስበው ጰራቅሊጦስን ብቻ ነበር። በየማለዳው ሳክስፎኔን ይዤ መናኸሪያ ደርሼ እመለሳለሁ፤ የቲኬት መስኮቱ በላሜራ እንደተዘጋ ነው። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤቴን ከፍቼ የሌሎች ሰዎችን ማመልከቻ አባዛለሁ።

ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ስልኬ ጠራ። እሷ ነበረች። እስከ እሑድ ካልመጣሁ ሌላ ሰው መያዝ እንዳለባት ነገረችኝ። ድምፅ ቀርጬ እንዳልልክላት ኢንተርኔት የለም።

«ሦስተኛውን አሁን ተጫወትልኝ» አለችኝ። «እሱን ከያዝከው ሁለት ሳምንት ያለ ሳክስፎን እንጀምርና እጠብቅሃለሁ።»

የፎቶ ኮፒውን ቤት በር ዘጋሁ። ስልኩን ከወረቀት ክምር ላይ አስቀመጥኩ፤ ማዳመጫውን ግራ ጆሮዬ ላይ እንደሰካሁ ነፋሁ። ዜማውን ሁለት ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ተጫወትኩት፤ እንደዚያ ቀን ተጫውቼው አላውቅም። ከዚያ ሳክስፎኑን ደረቴ ላይ አሳርፌ መቁጠር ጀመርኩ። እግሬ ወለሉን ሲመታ ድምፁ እንዳይረብሽ ጫማዬን አውልቄ ነበር።

አሥራ አንደኛው ባር ላይ «ሄሎ?» አለች።

ሥራው መሐል ላይ ስለሆንኩ አልመለስኩም። አሥራ አራተኛው ላይ «ሄሎ፣ ይሰማል?» አለች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ለሌላ ሰው «ተቆረጠ መሰለኝ» ስትል ሰማሁ፤ ስልኩም ተዘጋ። እኔ እስከ ሠላሳ ሁለት ቆጠርኩ። ገብቼ የመጨረሻውን ዜማ ጨረስኩ። ስልኩን ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መልሼ ስደውል መስመር አልነበረም። ማታም የለም፣ ዓርብም የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጡ። ሰፈራቸው መብራት መጥቶላቸው ነበር። ያቺን ካርድ ይዘህ ቤት ድረስ ና አሉኝ። ሳሎናቸው ውስጥ ከቁም ሣጥኑ በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ያለው የድሮ ቴፕ አላቸው፤ ካርድ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ገጥመውለታል። በሁለቱ መሐል ባለች ወንበር አስቀመጡኝና ሦስተኛውን ሥራ ከፈቱ።

ሳክስፎኑ ዜማውን ሁለት ጊዜ አለ። ከዚያ ወደ ቀኙ ስፒከር ሄደ። አልጠፋም። ሠላሳ ሁለቱንም ባር እዚያው ቀኙ ላይ ሆኖ ሲጫወት፣ ሲለምን፣ ሲከራከር ቆየ። ሲያበቃ ሽማግሌው ቴፑን አጠፉ።

«የማዳመጫህ ቀኙ ይሠራል?» አሉኝ።

«አይሠራም፣ ጋሼ።»

ሻይ ቀዱልኝ። ብርጭቆውን ይዤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። አንዲት ድምፅ ስትጎድልብኝ ሰላም የማጣ ሰው፣ መቶ ጊዜ ስሰማ መቶ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነበር የሰማሁት።

እሑድ፣ የጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኩ ሠራ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማዳመጫውንም፣ ጾሙንም፣ ሳጥኖቹንም። ረጅም ሳቅ ሳቀች፤ ከዚያ ድንገት አቆመች።

«ሠላሳ ሁለቱንም ባር ዝም አልክ?»

«እቆጥር ነበር።»

«ሄሎ ስልህም ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማሽ ነበር።»

መስመር ስላጣች ዓርብ ቀን አንድ ልጅ እንደያዘች፣ ቤቱ ከልምምድ ቦታቸው ቅርብ መሆኑን፣ ጥሩም እንደሚጫወት ነገረችኝ። መንገዱ ሲከፈት ግን ደውልልኝ አለች። እሺ አልኳት። መንገዱ ሲከፈት የሚባለውን ነገር ያን ጊዜ ሁላችንም እሺ ነበር የምንለው።

የቀኙን ክፍል በአምስት ቀን ከሽማግሌው ቴፕ ላይ ለቀምኩት። አንድም ድምፅ አልጎደለኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆቴል ሠላሳ ሁለቱንም ባር እንዳለ ተጫወትኩት። እትዬ ከባንኮኒው አጨበጨቡልኝ፣ ድኜ መስሏቸው። ሹፌሩ ግን ስንጨርስ ወደ መድረኩ መጣ።

«ያቺን ዝም የምትልባትን የት አደረስካት?» አለኝ።

ስህተት እንደነበረች አስረዳሁት። ግማሽ ጆሮዬን ሳይቀር ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

«ትሁን» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ መንገዱ መቼ ይከፈታል ሲሉኝ ነው የምውለው። ሰው ሁሉ አፉን የሚዘጋው እሷ ጋ ስንደርስ ብቻ ነው። መልሳት።»

ሽማግሌውን አየሁ። እሳቸው ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ አድርገው ሌላ ቦታ ያያሉ። ጓደኛዬ «ቁም በቃ፤ ለመቆም የተፈጠርክ ነህ» ብሎ ሳቀብኝ።

መለስኳት። አሁን በየቅዳሜው ዜማውን ሁለት ጊዜ እላለሁ፤ ሳክስፎኑን ደረቴ ላይ አሳርፌ እቆማለሁ። የቀኙን ክፍል ጣቶቼ ያውቁታል፤ ሳልነፋ ቁልፎቹን እጫናቸዋለሁ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሹፌሩ ጉልበት ላይ ታርፋለች። ማንም አይናገርም። አሥራ አንደኛው ባር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ በግራ ጆሮዬ «ሄሎ?» የሚል ይሰማኛል። አልመልስም። እቆጥራለሁ።