መነሻ ቁጥር የሌለው ጥያቄ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ደሴ ላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ብቻዬን እኖር ነበር። ቤተሰቦቼ ኮምቦልቻ ናቸው። መጀመሪያ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነበርን፤ እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ሂሳብ የሚያስጠናኝም እሱ ነበር።

ከጦር ሰፈር በሚልካቸው ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ ጥያቄ ይጽፍልኛል። «የመጀመሪያው ቁጥር 4 ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የቀዳሚው ሦስት እጥፍ ነው። አንዱንም ሳታልፊ ስድስተኛውን ፈልጊ።» አልጋዬ ላይ ተቀምጬ 4፣ 12፣ 36፣ 108፣ 324 እያልኩ 972 እደርሳለሁ። አቋራጭ ቀመሩን ተምሬዋለሁ፤ ግን በቀመር ሲሠራ ቶሎ ያልቅብኛል። አንድ በአንድ ስሄድ ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከግንባር የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። «እያንዳንዱ ቁጥር የቀዳሚው ግማሽ ነው። አምስተኛው ስንት ነው?» በቃ። የመጀመሪያውን አልጻፈውም። ወረቀቱን ገለበጥኩ፤ ፖስታውን ቀድጄ ውስጡን አየሁ። 80 ብዬ ጀመርኩና 5 ደረስኩ፤ 48 ብዬ ጀመርኩና 3 ደረስኩ። ማንኛውም ቁጥር ይሆናል።

በማግስቱ ደብዳቤውን ለሂሳብ መምህሬ አሳየኋቸው።

«መነሻው ካልተሰጠ አይገኝም» አሉኝ። «ማነው የጻፈልሽ?»

«ወንድሜ ነው። ግንባር ነው ያለው።»

ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው መለሱልኝ።

መነሻውን እንዲነግረኝ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም።

ትምህርት ሲዘጋ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አባቴ ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤውን አገላብጠው አይተው፣ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሂሳብ ነው፣ አባባ።»

«ሂሳብ ብቻ? ደህና ነኝ አይልም?»

«ይላል። ደህና ነኝ ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ። ውሸቴን ለማንም ሳልናገር ደሴ ተመለስኩ።

በዓመቱ መንግሥት ሲለወጥ ወንድሜ በእግሩ ኮምቦልቻ ገባ። ከስቷል፤ አንዱ ጆሮው አይሰማም። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጦ መንገዱን ያያል፤ ቢያናግሩት በአንድ ቃል ይመልሳል። እኔም ኮምቦልቻ ስወርድ በሚሰማው ጆሮው በኩል እቀመጥ ነበር። 4፣ 12፣ 36 እያልኩ፣ አንዱንም ሳላልፍ፣ እቆጥርለታለሁ።