ደሙን ያስመረመረው ደም ሰጪ

ብሮንዊን ፖስታውን ስትሰጠው ክሌም ሃርግሪቭ መጀመሪያ ያደረገው በጣቱ መዳበስ ነበር። ካልሲ አይደለም። በየዓመቱ በአባቶች ቀን የምታመጣለት ካልሲ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ልጅት ከሲድኒ ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር ተጉዛ አንዲት ስስ ፖስታ ብቻ ይዛ መጣች።

«ምንድን ነው? ከቤት ልታስወጪን ነው እንዴ?» አላት።

«ክፈተውና እየው፣ አባዬ።»

ከፈተው። የአባልነት ወረቀት ነው። አንድ ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ ደሙን ወስዶ ከመቶ በላይ ነገር ይመረምርለታል፤ ውጤቱም በስልኩ ይመጣል። ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ስኳር፣ ቫይታሚን፣ ሆርሞን፣ ከዚያ ደግሞ ክሌም በዕድሜው ሰምቶ የማያውቃቸው ስሞች ተደርድረዋል። ከሥር በደማቅ ቀለም «በሽታ ሳይቀድምዎ ይቅደሙት» ይላል።

«እኔ እኮ አልታመምኩም» አለ ክሌም።

«ለዚያ ነዋ! ከታመምክ በኋላማ ምን ያደርጋል? የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አባት ምንም ሳያመው ነው ቆሽቱ ላይ ካንሰር የተገኘበት። በሦስት ወር ሄደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ አባዬ።»

ሚስቱ ኖሊን ከወጥ ቤት ሆና «ደሙን እንደሆነ ለአገሩ ሁሉ ሲያድል ነው የኖረው። ላንቺ ድርጅት ጊዜ ነው የሚሰስተው?» አለች።

እውነቷን ነው። ሌላው ሰው ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ጎልፍ ተጫዋች ነው እንደሚባለው ክሌም ደም ሰጪ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ በስቶክተን ማሻገሪያ ጀልባ ላይ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ሲወርድ ቀጥ ብሎ ወደ ደም ባንክ ይሄዳል። ወንበሩ ላይ ጋደም ይላል፤ ማሽኑ ደሙን ይስብና ቢጫውን ፕላዝማ አስቀርቶ ቀዩን ይመልስለታል። ሲያበቃ ማረፊያው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ፣ በሊጥ የተጠቀለለች ቋሊማ በቲማቲም ስጎ እየበላ፣ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ስለ ራግቢ ይነታረካል። ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ ሰጥቷል። ስንተኛው እንደሆነ ሲጠይቁት «ማን ይቆጥራል» ይላል፤ ቁጥሩን ግን ከሠርጉ ቀን አስበልጦ ያስታውሰዋል።

እንዲህ ያለ ሰው መርፌ አይፈራም። የልጁን ስጦታ ተቀብሎ፣ በሳምንቱ በባዶ ሆዱ ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ወዳለችው የደም መውሰጃ ክፍል ሄደ። ደም የምትወስደው ልጅ ዘጠኝ ብልቃጥ እስክትሞላ ድረስ ስለ ፕላዝማ ሲያስረዳት ቆየ። ከጨረሰች በኋላም ከወንበሩ አልተነሣም።

«አለቀ፣ መሄድ ይችላሉ» አለችው።

«ቋሊማው የታለ?»

«የምን ቋሊማ?»

«በይ ተይው። ይሄ ቤት ንፉግ ነው» አላትና እየሳቀ ወጣ።

ውጤቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ክሌም ጀልባዋን ወደቡ ላይ አስሮ ሳንድዊቹን እየበላ ነበር። ስልኩን ከፈተው፤ አረንጓዴ ነው። ወደ ታች ገፋው፤ አሁንም አረንጓዴ። ልቡ አረንጓዴ፣ ጉበቱ አረንጓዴ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በትልቁ «የሰውነትዎ ዕድሜ፦ 54» ይላል። ክሌም ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ የተሳፈረ ሁሉ፣ ብስክሌተኛው ሳይቀር፣ ያንን ስልክ ሳያይ ወንዙን አልተሻገረም።

ማታ ለኖሊን አሳያት።

«ጉድ ነው! በስተርጅናዬ ልጅ ባል መጣልኝ» አለች። መነጽሯን አድርጋ አረንጓዴውን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ታች ገፋችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ክሌም፣ ይቺ ለምን ቀይ ሆነች?»

አንዲት ብቻ ነች። ረጅም ስም አላት። ከሥሯ «በደምዎ ውስጥ አነስተኛ መጠን ያለው፣ ከአንድ ዓይነት ሴል የሚመነጭ ፕሮቲን ታይቷል። እባክዎ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ» ይላል። ድርጅቱ ለአባላቱ ጥያቄ መጠየቂያ ሳጥን አዘጋጅቷል፤ ኖሊን «ካንሰር ነው ወይ?» ብላ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ። «ጥሩ ጥያቄ ነው! አጠቃላይ ውጤትዎ እጅግ አበረታች ነው። ዝርዝሩን ከሐኪምዎ ጋር እንዲወያዩበት እንመክራለን።» እንደገና ጻፈች። ያንኑ መለሰላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጽፍ የስድብ ቃል ጨመረችበት፤ እሱንም ጥሩ ጥያቄ ነው አላት። የሰው ልጅ ነፍስ በጭንቅ ተይዛ የሚያነጋግራት ሰው ማጣቷን ያሰበ ሰው ያንን ሳጥን የሠራ አይመስልም።

ዶክተር ፔሬራ ጋ ቀጠሮ ለማግኘት አሥር ቀን ፈጀ። ዶክተሩ ክሌምን ሃያ ዓመት ያውቀዋል። ክሌም አትሞ ያመጣውን ወረቀት አይቶ ጉንጩን ነፋ።

«ይሄን ማን አዘዘልህ?»

«ልጄ።»

«ሐኪም ናት?»

«ኮምፒዩተር ላይ ነው የምትሠራው።»

ዶክተሩ ወንበሩን ቀረብ አደረገ። «ስማኝ። መቅኔህ ውስጥ ያሉ ጥቂት ሴሎች የተለመደ ሥራቸውን ትተው አንድ ዓይነት ፕሮቲን ብቻ ያመርታሉ። ካንሰር አይደለም። አንድ ቀን ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ነገር ነው፤ ላይሄድም ይችላል። እንዲህ ካለባቸው መቶ ሰዎች በዓመት አንዱ ቢብስበት ነው። አብዛኛዎቹ ሳያውቁት ኖረው በሌላ ነገር ይሞታሉ።»

«እሺ፣ ምን እናድርግ?»

«በየስድስት ወሩ ደምህን እያየን እንጠብቃለን።»

«መድኃኒቱስ?»

«ለዚህ መድኃኒት አይሰጥም።»

«ቢራ ልተው?»

«አያገናኘውም።»

«ሥጋስ?»

«ክሌም፣ ምንም አትተው።»

«ጠዋት ጠዋት ባሕር ብዋኝስ?»

«ደስ ካለህ ዋኝ። ለዚህ ግን አይረዳህም» አለና ዶክተሩ ወረቀቱን አጠፈው። «እኔ ብሆን ይሄን አልፈልገውም ነበር። አሁን ግን አውቀሃል፤ ያወቅኸውን ላስረሳህ አልችልም።»

ክሌም ቢራ ተው ቢሉት ይተው ነበር። እግርህን እንቁረጠው ቢሉት እንኳ ሁለት ቀን ተናዶ በሦስተኛው ይስማማ ነበር። የጀልባ ሞተር ሲታመም ፈትቶ የሚገጥም፣ የጎረቤት ቧንቧ ሲያፈስ ሳይጠሩት የሚደርስ ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ደግሞ ገልጦትም አጣ። ከክሊኒኩ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋበት። ፈርቶ ነበር፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነው አንጀቱን ያሳረረው።

ሐሙስ ደረሰ።

ደም ከመስጠት በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ። ክሌም በዐይኑ ሳያይ ነው የሚሞላው፤ አይ፣ አይ፣ አይ፣ አይ፣ ፊርማ። በዚህ ዓመት አልተነቀስኩም፣ ከአገር አልወጣሁም፣ ሆዴን አላመመኝም። ከጥያቄዎቹ መሐል ግን ከዚህ በፊት ልብ ብሎት የማያውቀው አንድ አለ፦ ባለፈው ከሰጡ ወዲህ በምርመራ የተገኘብዎት አዲስ ነገር አለ ወይ?

ያን ዕለት ኖሊን ነበረች ያደረሰችው። መኪና ማቆሚያው ላይ ሞተሩን አጥፍታ «አትንገራቸው» አለችው።

«ምን?»

«ዝም በላቸው። ያ ምርመራ የግልህ ነው፣ እነሱ አያዩትም። ዶክተሩስ ካንሰር አይደለም አላለህም? ባለፈው ጊዜም እኮ ይሄው ደም ነበር፣ ማን ምን ሆነ?»

«ፊርማ አለው፣ ኖል።»

«ፊርማ! ያንተ ፊርማ ለማን ሊጠቅም ነው?» ወደ እሱ ዞረች። «ይሄን ነገር ከተከለከልክ ምን እንደምትሆን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ታውቃለች። ታናሽ ወንድሙ ሬክስ ያኔ ሁለቱም ይሠሩበት በነበረው ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የክሬን ሰንሰለት ሲበጠስ ዳሌው የተጨፈለቀ ዕለት ክሌም ከፈረቃው እንደ ወጣ፣ ጥላሸቱን ሳይታጠብ፣ ሆስፒታል ደርሶ ነበር። ደም እየፈሰሰው እንደሆነ ሲነግሩት እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። «የኔን ውሰዱ፣ ከአንድ ሆድ ነው የወጣነው» ያላላት ነርስ አልነበረችም። አንዷ በመጨረሻ ክንዱን ይዛ እጅጌውን ቀስ ብላ መለሰችለት፤ ያኔ ነው ሬክስ እንዳበቃለት ያወቀው። በወሩ ደም ባንክ ተመዘገበ። ሰው ሲጠይቀው ለቋሊማው ነው ይላል እንጂ ስለ ሬክስ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ገባና ቅጹን ተቀበለ። አይ፣ አይ፣ አይ እያለ ወርዶ ያቺ ጥያቄ ጋ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ማንም አያየውም። ዐይኑን ጨፍኖ ሊያልፋት ፈልጎ ነበር፣ አምርሮ ፈልጎ ነበር። ግን ያንን ፕላዝማ የሚቀበለው ሰው አልጋ ላይ ነው ያለው፤ እሱን የሚጠይቀው ቅጽ፣ የሚይዘው ብዕር የለም፤ የክሌምን ቃል አምኖ ነው ክንዱን የሚዘረጋው። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ነርሷ ትሬሳ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የወጋችው ሴት ናት። እየቀለደች ተቀብላ ቅጹን ስታገላብጥ ቀልዷ ተቋረጠ። ምን እንደተገኘበት ጠየቀችው፤ ነገራት። ለደም ባንኩ ሐኪም ልደውል ብላ ወጣች፤ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ቆማ አልነገረችውም፣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዛሬ አይሆንም፣ ክሌም።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«በደብዳቤ ያሳውቁሃል። አንተኑ እንዳይጎዳህ ብለው ነው መሰለኝ፣ እኔም በደንብ አላውቀውም። ምነው ባልነገርከኝ ልልህም አልችል፣ ሥራዬ ነው» አለችና በወረቀት መሐረብ አፍንጫዋን ጠረገች። «ና፣ ብላ እንጂ። ቋሊማውን ማንም አይከለክልህም።»

«ያልሠራሁበትን አልበላም» አለ። ሊቀልድ ነበር፤ አልሆነለትም።

ደብዳቤው በሦስት ሳምንት መጣ። ለዓመታት ስላደረገው ሁሉ አመስግኖት ከእንግዲህ መስጠት እንደማይችል ይነግረዋል። ብሮንዊን ስትሰማ ስልኩ ላይ አለቀሰች። «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁህ አባዬ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሆነብህ» እያለች። እሱም «ተይ እንጂ፣ ለራስሽ ብለሽ ነው እንዴ? ለኔ ብለሽ ነው» አላት። ውስጡ ግን ተናዶ ነበር። በእሷ ነው እንዳይል ልጁ ናት፤ በዶክተሩ እንዳይናደድ እውነት ተናገረ፤ በደም ባንኩም እንዳይሆን ቅጹን የሞላው ራሱ ነው። ንዴቱን የሚያወርድበት ሰው ፈልጎ አላገኘም።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ዕዳ ሆነችበት። ከፈረቃው ሲወርድ እግሩ በልማዱ ወደዚያው ይወስደዋል፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ትዝ ይለውና ይመለሳል። አንዳንዴ የገዛ ጀልባውን እንደ ተሳፋሪ ተሳፍሮ ወንዙን ደርሶ መልስ ይሻገራል። የሥራ ጓደኞቹ «ደግሞ ምን ረሳህ?» ብለው ያሾፉበታል። ስልኩ ደግሞ በየሳምንቱ «የሰውነትዎን ዕድሜ ለወዳጅዎ ያካፍሉ» ይለዋል።

በመጋቢት ስድስት ወሩ ሞላና ዶክተር ፔሬራ የጻፈለትን ማዘዣ ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሄደ። ደሙን የሚወስድለት አዲስ ተቀጣሪ ወጣት ነበር፤ ገና ተማሪ ነገር ይመስላል። ክሌም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ የግራ ክንዱን ዘረጋ። ቀኝ ክንዱ መታጠፊያው ላይ ለዓመታት ከገባው ወፍራም መርፌ የጎደጎደ ጠባሳ አለ፤ እጅጌውን እስከ አንጓው አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል።

ወጣቱ ላስቲኩን አሥሮ በጣቱ ሲነካ ፊቱ በራ። «ይገርማል! እንዲህ ያለ ደም ሥር አይቼ አላውቅም፣ እውነቴን ነው። ጌታዬ፣ ደም ለመስጠት አስበው አያውቁም?»

ክሌም ብልቃጡ ሲሞላ አየ።

«በጣም ነው እኮ የሚፈለገው» አለ ወጣቱ፣ መርፌውን እያወጣ። «ብዙ ሰው እችላለሁ ብሎ ስለማያስብ ነው። እርስዎ ደግሞ ጤነኛ ነው የሚመስሉት።»

«አስብበታለሁ» አለ ክሌም።

ወጣቱ ጥጡን ጫን አድርጎ እንዲይዝ ነገረው፤ ያዘ።